መጽሐፉ የማን ነው?

ሰው ሁለት ነገር ቀርቦለት «አንዱን ምረጥ» በተባለ ጊዜ፥ ብዙውን ጊዜ እጁ የሚዘረጋው ወደሚጠቅመው ሳይሆን ወደሚያብረቀርቀው ነው። ይህ የወጣት ጠባይ ብቻ ነው ብዬ ወጣቶችን አልወቅስም፤ ሽማግሌም ቢሆን አዲስ ነገር ሲያይ ልቡ ይሸፍታል። ዳሩ ግን ወጣት የመረጠውን ይዞ ብዙ ዘመን ስለሚኖር፥ ጥቅሙም ጉዳቱም ከሽማግሌው ይልቅ ለእርሱ ይረዝማል። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ለወጣቶቹ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ክረምት ስድስት ወጣቶች፥ አራት ወንዶችና ሁለት ሴቶች፥ ደብረ ብርሃን ወደሚገኘው ቤቴ መጡ። የደብረ ብርሃን ብርድ እንደምታውቁት ነውና፥ ጋቢያቸውን እንደ ተከናነቡ ከምድጃው ዙሪያ ተቀመጡ። በሰፈራቸው አንድ ክፍል ተፈቅዶላቸው ትንሽ የንባብ ቤት ሊከፍቱ አስበዋል። አሜሪካ የሚኖር አንድ የአገራቸው ልጅም ይህን ሰምቶ፥ «ከሁለት አንዱን ልስጣችሁ፤ ወይ በያንዳንዳቸው ሺህ መጽሐፍ የተጫነባቸው 15 የኤሌክትሮኒክ ማንበቢያዎች፥ ወይም በዋጋቸው ልክ የታተመ መጽሐፍ መግዣ ገንዘብ» ብሎ ጽፎላቸዋል። አራቱ ማንበቢያውን፥ ሁለቱ መጽሐፉን ወደዱ። ተከራክረውም መስማማት ስላቃታቸው፥ «እስቲ እርስዎ ይፍረዱን» ብለው ወደ እኔ መጡ።

ማንበቢያውን ከወደዱት መካከል በነገር ብርቱ የሆነችው ልጅ፥ «ጋሼ፥ 15 ሺህ መጽሐፍ በአንድ ሻንጣ ሊመጣልን ነው፤ በገንዘቡ ብንገዛ ግን ሁለት መደርደሪያ አይሞላልንም፤ ይህ ምን ክርክር ያስፈልገዋል?» አለችኝ። እኔም «ልጄ፥ ሒሳቡን እንደገና ሥሪው፤ በ15ቱም ውስጥ ያለው ያው አንድ ሺህ ነው» አልኋት። ሁሉም ሳቁ፤ እርሷ ግን «አንድ ሺህም ቢሆን ብዙ ነው» ብላ ጸናች። በቃል የተነገረ ይረሳልና፥ መልሴን በጽሑፍ ላቀርብላቸው ቃል ገባሁ። «ይፍረዱን» አሉኝ እንጂ ይህ ፍርድ አይደለም፤ እኔ ዳኛ ሳልሆን ለመጽሐፉ ወገን የቆምሁ ጠበቃ ነኝ፤ ይህንም አልደብቅም።

አንባቢ ተሟጋቹን እንዲያውቅ ስለ ራሴ ጥቂት ልናገር። የተማርሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው፤ ካስተማሩኝም መካከል ስዊድናውያን ነበሩ። አራተኛ ክፍል ሳለሁ ለእጅ ጽሕፈት ተሸልሜ አንድ ትንሽ የአማርኛ የተረት መጽሐፍ ተሰጠኝ። ከለበስሁት ልብስ በቀር የእኔ የምለው ነገር ያልነበረኝ ልጅ ስለ ነበርሁ፥ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ስሜን ስጽፍ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በተጀመረ ጊዜ፥ ገና የሃያ ዓመት ወጣት ሳለሁ፥ ከአንኮበር ቍልቍል ወዳለ አንድ የቆላ ቀበሌ ተላክሁ። ፊደል ቈጥረው ለጨረሱት ገበሬዎች ከመማሪያው በቀር የሚያነቡት ነገር አልነበረምና መጽሐፌን አዋስኋቸው፤ ዘመቻው አልቆ ስመለስም እዚያው ቀረ።

ከዘጠኝ ዓመት በኋላ አንድ ሰው ለገበያ ሲወጣ ይዞልኝ መጣ። ጢስ ጢስ ይላል፤ የተቀደደው ሽፋኑ በቆዳ ተለብጦአል፤ ከስሜም በታች የአሥራ አንድ ሰው ስም ተጽፎበታል። ከአሥራ አንዱ ስድስቱ እኔ ፊደል ያስቈጠርኋቸው ናቸው፤ አምስቱን ግን ከቶ አላውቃቸውም። እኔ ያላገኘኋቸውን ሰዎች መጽሐፉ ብቻውን ሄዶ አግኝቶአቸዋል ማለት ነው። እንግዲህ ስለ መጽሐፍ ስናገር የምናገረው ይህን እያሰብሁ ነው።

አሁን ወደ ማንበቢያው ልምጣ። ባላጋራን ሳያውቁ መሟገት ነውር ነውና፥ አስቀድሜ የሚገባውን ምስጋና እሰጠዋለሁ። አማዞን የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ ኪንድል የተባለውን ማንበቢያ በኅዳር 2000 ዓ.ም. ለገበያ ካወጣ ወዲህ ይህ ዕቃ በዓለም ሁሉ ታውቆአል። ገጹ እንደ ስልክ መስታወት ከውስጥ እየበራ ዓይን የሚወጋ አይደለም። በውስጡ ከጠጕር ውፍረት የማይበልጡ ጥቃቅን እንክብሎች አሉ፤ በየእንክብሉም ውስጥ ነጭና ጥቁር ቅንጣቶች ይገኛሉ፤ ኤሌክትሪክ ሲነካቸው ጥቁሩ ወደ ላይ ወጥቶ ፊደል፥ ነጩ ወጥቶ ወረቀት ይመስላል። ገጹ እስኪገለበጥ ድረስ ኤሌክትሪክ ስለማይፈጅ፥ አንድ ጊዜ ከተሞላ ሳምንታት ይቆያል። ፊደሉንም እንደ ፈለጉ ማጉላት ይቻላል፤ እኔም ዓይኔ ከደከመ ወዲህ የእኅቴ ልጅ ባመጣችልኝ አንድ ማንበቢያ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ አነብበታለሁ። እንግዲህ የምሟገተው ከማላውቀው ጠላት ጋር አይደለም።

የመጀመሪያው ጥያቄዬ ይህ ነው፤ መጽሐፉ የማን ነው? ከመጻሕፍት መደብር መጽሐፍ የገዛ ሰው፥ ገንዘቡን ሰጥቶ መጽሐፉን ተቀብሎ ከወጣ በኋላ ከነጋዴው ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ቢፈልግ ያውሰዋል፤ ቢፈልግ ይሸጠዋል፤ ሲሞትም ለልጁ ያወርሰዋል። በማንበቢያ ላይ የምትገዙት ግን ብዙውን ጊዜ መጽሐፉን ሳይሆን የማንበብን ፈቃድ ነው፤ ሳያነቡ «እስማማለሁ» ብለው የሚያልፉት ውል የሚናገረው ይህንኑ ነው። ፈቃድ ደግሞ የሰጪው ነው፤ የሰጠ ሊነሣ ይችላል።

ይህ የሽማግሌ ሥጋት ብቻ እንዳይመስላችሁ የሆነውን ልንገራችሁ። በሐምሌ 2001 ዓ.ም. አማዞን፥ ጆርጅ ኦርዌል የተባለው እንግሊዛዊ ደራሲ የጻፋቸውን ሁለት መጻሕፍት፥ ገንዘብ ከፍለው ከገዙ ሰዎች ማንበቢያ ውስጥ ባለቤቶቹ ሳያውቁ ከሩቅ ሆኖ ፋቃቸው። ምክንያቱም መጻሕፍቱን ያቀረበው ሻጭ መብት አልነበረውም የሚል ነበር፤ ገንዘባቸውን መለሰላቸው፤ የኩባንያውም አለቃ ኋላ ይቅርታ ጠየቀ። ነገር ግን አንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ለትምህርቱ ብሎ በየገጹ የጻፈው ማስታወሻ፥ ገጹ ስለ ጠፋ ዋጋ ቢስ ሆኖበት ፍርድ ቤት ሄደ። ከተፋቁት ሁለት መጻሕፍት አንዱ «1984» የሚባለው ነው፤ ታሪኩም የተጻፈውን እያጠፋና እየለወጠ ሰውን ስለሚገዛ መንግሥት ነው። ቀልደኛ ቢፈልግ እንኳ ከዚህ የባሰ ቀልድ አያገኝም።

ይህም ብቻ አይደለም። ማይክሮሶፍት የተባለው ታላቅ ኩባንያ የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ መደብሩን ሲዘጋ፥ በ2011 ዓ.ም. ክረምት ሰዎች ከእርሱ የገዙአቸው መጻሕፍት በሙሉ እንዳይከፈቱ ሆኑ፤ ገንዘባቸው ተመለሰላቸው፤ መጽሐፋቸው ግን ሄደ። አማዞንም ራሱ በየካቲት 2017 ዓ.ም.፥ አንባቢ የገዛውን መጽሐፍ ከድረ ገጹ ወደ ኮምፒዩተሩ አውርዶ ያስቀምጥበት የነበረውን መንገድ ዘጋ። እስቲ አስቡት፤ አንድ የደብረ ብርሃን ነጋዴ ሱቁን ሲዘጋ፥ ባለፈው ዓመት የሸጠላችሁን ብርድ ልብስ ሌሊት ከላያችሁ ገፍፎ ብሩን ትራስጌ ቢያኖርላችሁ ምን ትሉታላችሁ?

አሁን ደግሞ ወደ አገራችን ተመልሳችሁ ሌላ ነገር ተመልከቱ። በ1975 ዓ.ም. የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ታተመ፤ ወዲያውም የደርግ መንግሥት ከገበያ እንዲሰበሰብ አደረገው። ደራሲው በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ አልተመለሰም፤ ያ ዓመት በፈረንጆች አቈጣጠር 1984 ነበር። ያ መንግሥት ወታደር ነበረው፤ እስር ቤት ነበረው፤ ጆሮ ጠቢም ሞልቶት ነበር። የተሸጠውን መጽሐፍ ግን ሁሉንም ሊያገኘው አልቻለም። መጽሐፉ በየቤቱ ነበረ፤ በጋዜጣ ተጠቅልሎ፥ በአልጋ ሥር ተደብቆ፥ ከእጅ ወደ እጅ አለፈ። ለአንድ ሌሊት ብቻ ተውሼ በኩራዝ ብርሃን እስኪነጋ ያነበብሁት እኔ ምስክር ነኝ። ያ ሁሉ ኃይል ያልቻለውን ሥራ፥ ባለ ማንበቢያው ኩባንያ በአንድ ጣት ጫና ሠራው። ዛሬ ኩባንያው ቅን ቢሆን፥ ነገ ቍልፉ በማን እጅ እንደሚገባ ማን ያውቃል?

አባቶቻችን በብራና መጽሐፍ ላይ፥ የሰረቀውም የፋቀውም የተወገዘ ይሁን የሚል ግዝት ይጽፉ ነበር። ልጅ ሳለሁ፥ ሌባውን ማውገዛቸው ይገባኛል፥ ፋቂውን ከሌባው ጋር ምን አገናኘው? እያልሁ እደነቅ ነበር። ዛሬ ገባኝ። ሌባ መጽሐፉን ከአንድ ሰው ቤት ወስዶ ወደ ሌላ ቤት ያዛውረዋል፤ ፋቂ ግን ከሁሉም ያጠፋዋል።

በዚህ ጊዜ ከባላጋራዎቼ አንዱ እንዲህ ብሎ እንደሚመልስልኝ አውቃለሁ፤ «ብራና ፋቂዎቹም ማተሚያ ሲመጣ እንደ እርስዎ ያለ ሥጋት ነበራቸው፤ አዲስ ነገር ሁልጊዜ ይወቀሳል፤ ኋላ ግን ሁሉም ይለምደዋል።» ይህ ብርቱ ነገር ነውና አልሸሸውም። እንዲያውም የአገራችን ታሪክ መልሱን ስለሚሰጠኝ ደስ ይለኛል።

የግዕዝ ፊደል መጀመሪያ በማተሚያ የወጣው በአገሩ ሳይሆን በሮም ነው፤ ዳዊት እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1513 ታተመ፤ የደብረ ሊባኖሱ መነኵሴ ተስፋ ጽዮንም እዚያው ሮም ሆኖ ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ በ1548 እና በ1549 አሳተመ። አቡ ሩሚ የተባለው ኢትዮጵያዊ በካይሮ ወደ አማርኛ የተረጐመው መጽሐፍ ቅዱስም በለንደን ታትሞ፥ ወንጌሉ በ1824፥ ሐዲስ ኪዳኑ በ1829፥ ሙሉው በ1840 ወጣ። በ1839 ኢዘንበርግና ክራፕፍ የተባሉት ሚሲዮናውያን ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ወደ ሸዋ በመጡ ጊዜ፥ እነዚህን የመሰሉ የታተሙ የአማርኛና የግዕዝ መጻሕፍት በአንኮበር ማደል ተጀመረ። እንግዲህ ማተሚያም እንግዳ ነበረ፤ የባዕድ አገር ሥራም ነበረ። ይህን አምናለሁ።

ልዩነቱ ግን እዚህ ላይ ነው። ክራፕፍ በ1842 ከሸዋ ወጣ፤ ሊመለስ ቢፈልግም አልተፈቀደለትም። ሰጪው ሲወጣ ግን የሰጣቸው መጻሕፍት አብረውት አልወጡም። ለንደን ያለው አታሚ አንኮበር ተራራ ላይ ያለችውን አንዲት ገጽ ሊዘጋ፥ ሊፍቅ፥ ወይም «ውልህ አብቅቶአል» ሊል አይችልም ነበር። ወረቀቱ የፈረንጅ ነበረ፤ ቀለሙም የፈረንጅ ነበረ፤ መጽሐፉ ግን ከተሰጠው ሰው እጅ በገባ ሰዓት የአንኮበር ሰው ሆነ። ስለዚህ የእኔ ሙግት አሮጌው ከአዲሱ ይሻላል የሚል አይደለም። የእኔ ሙግት፥ ተቀብሎ የራስ የሚያደርጉት ነገር፥ ሁልጊዜ በሰጪው ፈቃድ ከሚያዝ ነገር ይሻላል የሚል ነው። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የተባለው ለጌጥ ብቻ አልተባለም።

ሁለተኛው ጥያቄዬ፥ መጽሐፉ በማን ቋንቋ ነው? የሚል ነው። ልጆቹን «ከተጫኑት ሺህ መጻሕፍት ዝርዝር ይምጣልኝ» አልኋቸውና አመጡልኝ። ከዳር እስከ ዳር አነበብሁት፤ መልካም መልካም የእንግሊዝኛ መጻሕፍት አሉበት፤ አንድም የአማርኛ መጽሐፍ ግን የለበትም። የመርሐ ቤቴው ተወላጅ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የሉም፤ የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም.) የለም፤ የደብረ ሲናው ሰው ዳኛቸው ወርቁ የጻፈው «አደፍርስ» (1962 ዓ.ም.) የለም። አንድ የደብረ ብርሃን ልጅ ሺህ መጽሐፍ ተሸክሞ፥ ከጣርማ በር ወዲያ ማዶ የተወለደውን ደራሲ ሳያውቀው ሊያድግ ነው።

ይህም አዲስ ነገር አይደለም። በ2004 ዓ.ም. ገደማ ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ የመሠረተው የአሜሪካ ድርጅት፥ ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ ትምህርት ቤት በሌለባቸው ሁለት መንደሮች ለሚኖሩ ሕፃናት፥ በፀሐይ ኃይል የሚሞሉ ታብሌቶችን በታሸገ ካርቶን አድርጎ ያለ አስተማሪ ሰጥቶአቸው ነበር። ልጆቹ በደቂቃዎች ውስጥ ማብሪያውን አገኙት፤ በሁለት ሳምንት የፊደል መዝሙር ዘመሩ፤ በአምስት ወር ውስጥም የተዘጋውን ካሜራ በብልሃታቸው ከፈቱ፤ ዜናውም በዓለም ተወራ። እኔም የልጆቹን ብልሃት አደነቅሁ፤ የኢትዮጵያ ልጅ ሞኝ አለመሆኑን ግን ያለ ታብሌትም አውቀው ነበር። የዘመሩት ፊደል የእንግሊዝኛው እንጂ ሀ ሁ አልነበረም፤ ያሳዘነኝም ይህ ነው። መሣሪያ ባዶውን አይመጣም፤ የሠሪውን ፊደል ይዞ ይመጣል።

«የግዕዝ ፊደልም በኮምፒዩተር ይጻፋል» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ በ1999 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ዩኒኮድ በተባለው የዓለም የፊደላት መዝገብ ውስጥ ገብቶአል፤ ይህም ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን በስልካችሁ ላይ ያለው የአማርኛ መጽሐፍ ከየት እንደ መጣ እስቲ ራሳችሁን ጠይቁ። ብዙው አንድ ሰው ገጹን በካሜራ እያነሣ፥ ደራሲውን ሳያስፈቅድ፥ በቴሌግራም የበተነው ነው። ደራሲው ዓመታት ደክሞ፥ ለማተሚያ ቤት ተበድሮ ያሳተመውን መጽሐፍ እናንተ በነጻ ወስዳችሁ «ማንበብ እወዳለሁ» ትላላችሁ። የቅጂ መብትን የሚጠብቀው አዋጅ ቍጥር 410/1996 ይህን ይከለክላል፤ አዋጅም ባይኖር ኅሊና ይከለክላል። የጎረቤቱን እህል በሌሊት አጭዶ «ግብርና እወዳለሁ» የሚል ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁን?

«መጽሐፍ ተወደደብን» ብትሉኝ ግን ዝም እላለሁ፤ እውነታችሁን ነውና። የወረቀት ዋጋ ጨምሮአል፤ የተማሪ ኪስ ግን አልጨመረም። ይሁን እንጂ የድኻ መፍትሔ ስርቆት ሳይሆን ማኅበር ነው። አምስት ሰው አዋጥቶ አንድ መጽሐፍ ቢገዛ፥ አምስቱም ያነቡታል፤ በሁለተኛው ዓመት ያ መጽሐፍ ለሌላ አምስት ሰው ይተርፋል። በሕግ ከተያዘ ማንበቢያ ላይ ያለ መጽሐፍ ግን እንዲህ ከእጅ ወደ እጅ አይሄድም፤ አሥራ አንድ ስምም አይጻፍበትም።

ሦስተኛው ጥያቄዬ፥ አእምሮ የቱን አጥብቆ ይይዛል? የሚል ነው። በዚህ ላይ የእኔን ልማድ እንደ ማስረጃ አላቀርብም፤ የተመራማሪዎችን ሥራ አቀርባለሁ። በ2018 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በወጣ ጥናት፥ ከ170 ሺህ በላይ ሰዎች የተካፈሉባቸው 54 ምርመራዎች ተሰብስበው ተመዘኑ። ዕውቀት የሚሰጥ ጽሑፍን፥ ይልቁንም ጊዜ ተወስኖለት፥ በወረቀት ያነበበ ሰው በመስታወት ገበታ ላይ ካነበበው የተሻለ ሆኖ ተገኘ። ልዩነቱ ትልቅ አይደለም፤ ለፈተና የሚቀመጥ ተማሪ ግን ትንሹንም ልዩነት አይንቅም። መምህሮቼ የመጡባት ስዊድንም፥ ልጆቿን ከሕፃንነታቸው ጀምሮ በመስታወት ገበታ ስታስተምር ቆይታ፥ በ2023 መንግሥቷ ወደ ታተመ መጽሐፍ እንመለስ ብሎ ለትምህርት ቤቶች የመጽሐፍ መግዣ 685 ሚሊዮን ክሮነር መደበ። ጠግበው የተዉትን እኛ ተርበን እንሻማለንን? «ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች» ይባላል፤ እነሆ አሁን እነርሱ ማለቱን ትተዋል፤ እኛ ግን ገና መታነቃችን ነው።

ስለ ስልክ ብዙ አልናገርም፤ እናንተው ታውቁታላችሁ። አንድ ገጽ ሳታነቡ ሦስት ጊዜ ይጠራችኋል። በገበያ መካከል ዳዊት እንደ መድገም ያለ ነው።

አራተኛው ጥያቄዬ ከሁሉ ይልቅ ልቤን የሚነካው ነው፤ መብራት ሲጠፋስ? ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የስልክ ኢንተርኔት ለብዙ ወራት እንደ ተቋረጠ የምነግራችሁ እኔ አይደለሁም፤ አብረን ኖረነዋል። ማንበቢያው የተጫነበትን ያለ ኢንተርኔት ያስነብባል፤ ይህን አልክድም፤ አዲስ መጽሐፍ ግን በዚያ ሁሉ ወራት በምን ይገባበታል? በዚያው በ2015 የትምህርት ዘመን አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲጀመር፥ የታተመው መጽሐፍ ሳይዳረስ በስልክና በኮምፒዩተር የሚከፈት ቅጂ ቀድሞ መጣ። በአንኮበር በኩል ካለ ገጠር መጥታ ከጎረቤቴ ቤት የተከራየች የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበረች፤ አባቷ ገበሬ ነው፤ ቤታቸው የድምፅ ስልክ እንጂ የመስታወት ስልክ የለም። ጓደኛዋ ስልኳን በምሳ ሰዓት ስታውሳት፥ የባዮሎጂውን ምዕራፍ በደብተሯ ላይ በእጇ ትገለብጥ ነበር። ማተሚያ ቤት ከተከፈተ ከመቶ ዓመት በኋላ፤ ብርሃንና ሰላም ሥራ የጀመረው በ1914 ዓ.ም. ነውና፤ አንዲት ልጅ እንደ ቍም ጸሐፊ መጽሐፍ ስትገለብጥ አየሁ። ጽናቷ ያኮራል፤ ነገሩ ግን ያሳፍራል። «ሁሉም በስልክ ይገኛል» በተባለ ቍጥር፥ ስልክ የሌለው ልጅ ከሁሉም ውጭ እንደ ተባለ ቍጠሩት።

እስካሁን ተሟገትሁ፤ አሁን ለእውነት ስል ለባላጋራዬ ድርሻውን ልስጥ። መጽሐፍም ይቃጠላል፤ ይሰረቃል፤ በውኃና በአይጥ ይጠፋል። በ1868 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ከመቅደላ የተጫኑት ብራናዎች ዛሬም በእንግሊዝ አገር ናቸው። ስለዚህ የመጽሐፍን ምስል በሌላ ነገር ላይ ቀድቶ ማስቀመጥ ታላቅ ጥበብ ነው። ከ1973 ጀምሮ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በአገራችን ያሉ ብራናዎች በማይክሮፊልም ሲነሡ፥ ከዘጠኝ ሺህ በላይ መጻሕፍት ተቀድተዋል፤ ያንን ሀብት መርምረው ለዓለም ያስታወቁት ደግሞ የሸንኮራው ተወላጅ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። በ1968 ዓ.ም. በጥይት ተመትተው ከወገባቸው በታች ሽባ ከሆኑ በኋላ፥ በአሜሪካ በሚኔሶታ ተቀምጠው ዕድሜያቸውን በዚህ ሥራ ላይ አሳለፉ። ያ ቅጂ ባይኖር ኖሮ ከአገር ውጭ ያለ ተመራማሪ የኢትዮጵያን ብራና በምን ያየው ነበር? እንዲሁም ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ፥ ማንበብ የማይችሉት እናቶቻችን ሰብለ ወንጌልን አወቋት፤ እኔም መጽሐፉን ፍለጋ የወጣሁት ያን ሰምቼ ነው። ለዓይነ ስውር፥ ለዓይነ ደካማ፥ በባዕድ አገር ለሚያድግ የኢትዮጵያ ልጅ መሣሪያ በረከት ነው። እንግዲህ የእኔ ቃል «መሣሪያ ይጥፋ» የሚል አይደለም፤ «ቅጂው የዋናውን ወንበር አይውሰድ» የሚል ነው።

ስለዚህ ለስድስቱ ወጣቶች፥ እንደ እነርሱም ላላችሁ ሁሉ ምክሬ ይህ ነው። አንደኛ፥ የሚሰጣችሁን ነገር ከመቀበላችሁ በፊት «የእኔ ይሆናልን? ላውሰው እችላለሁን? ላወርሰው እችላለሁን?» ብላችሁ ጠይቁ። ሁለተኛ፥ ገንዘቡን ለታተመ መጽሐፍ አድርጉት፤ ከሁለቱ መደርደሪያም አንዱን በአማርኛ ሙሉት። ሦስተኛ፥ ለጋሹ እሺ ካለ አንድ ወይም ሁለት ማንበቢያ ጨምሩ፤ ለዓይነ ደካሞችና እዚህ ለማይገኝ መጽሐፍ ይሁን። አራተኛ፥ ደራሲውን አትስረቁት። አምስተኛ፥ መጽሐፉን አትቈልፉበት፤ ይውጣ፤ ይዋስ፤ ይቆሽሽም። ንጹሕ ሆኖ የተቀመጠ መጽሐፍ ካልተነበበ ብርቅ አይደለም።

ይህን ጽሑፍ ከማሳተሜ በፊት ለስድስቱም አነበብሁላቸው። ሦስቱ ከመጽሐፉ ወገን ሆኑ፤ አንዱ ገና እያሰበ ነው፤ ሁለቱ አልተመለሱም። ያቺ ብርቱ ልጅ ጽሑፉን ሰምታ ስታበቃ፥ የአሥራ አንዱ ሰው ስም ያለበትን መጽሐፌን ከጠረጴዛው ላይ አንሥታ እያገላበጠች፥ «ጋሼ፥ ይህ አንድ ብቻ ነው፤ ነገ ቤትዎ ቢቃጠልስ?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። ስለዚህ ስልኳን አውጥታ ገጹን ሁሉ፥ ከነስሞቹ፥ እንድታነሣው ፈቀድሁላት። አንሥታም ስትጨርስ፥ «በይ አሁን ደግሞ ዋናውን ውሰጂና አንብቢው፤ ስትጨርሺ ስምሽን ከሥር ጻፊ» አልኋት። ወሰደችው፤ እስካሁን አልመለሰችልኝም፤ እኔም አልጠየቅኋትም።